ያመለጠው ፎቶ የሚመርጠው ሌንስ

ፎቶው የትንሣኤ ሌሊት የተነሳ ነው። ነጠላ ያጣፉ ምእመናን ጧፍ ለኩሰው ቆመዋል። በስተግራ ዝቅ ብለው የሚታዩት እናት ፊታቸው በነበልባሉ ፈክቷል፤ ዐይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ጥሩ ፎቶ ነው። ችግሩ በስተቀኝ ከላይ ነው። ድቅድቅ ጨለማ መሆን በነበረበት ቦታ፣ ማንም ያልያዛቸው ሦስት አረንጓዴ ነበልባሎች ተዘቅዝቀው ይታያሉ።

«ጋሼ፣ ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?»

ጠያቂዋ ካሜራ ከያዘች ዓመት ያልሞላት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የምትጠይቃቸው ሰው ደግሞ ከፊልም ዘመን ጀምሮ በሰርግና በምረቃ ፎቶ የኖሩ፣ መገናኛ አካባቢ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤታቸው ብዙ ወጣቶችን ሙያ ያስጨበጡ ባለሙያ ናቸው። ካሜራውን ተቀብለው ከሌንሱ ፊት የተገጠመውን ቀጭን መስታወት በሁለት ጣታቸው አዙረው ፈቱትና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ካሜራሽ ደህና ነው። ጥፋተኛው ይሄ ነው። ማን ግጠሚው አለሽ?»

«ሻጩ ነዋ! ያለ ዩቪ ፊልተር ሌንሱ ይበላሻል አለኝ።»

የጧፉ ብርሃን በሌንሱ አልፎ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። የሴንሰሩ ገጽ ስለሚያብረቀርቅ ከብርሃኑ ጥቂቱን ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ተመላሹ ብርሃን ከፊት ያለው ጠፍጣፋ ፊልተር ላይ ሲደርስ እንደገና ወደ ውስጥ ይነጥርና ሁለተኛ፣ የተዘቀዘቀ ምስል ይሠራል። ቀን ላይ ደብዛዛ ስለሆነ ማንም አያየውም፤ በጨለማ ውስጥ ደማቅ ነጥብ ሲኖር ግን ይጋለጣል። የተጠራጠረ ሰው ከእውነተኛው ነበልባል ተነስቶ በፎቶው መሃል የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ያስምር፤ ሐሰተኛውን ከማዶ በእኩል ርቀት ያገኘዋል። መድኃኒቱ ማታ ፊልተሩን መፍታት ብቻ ነው።

ዩቪ ፊልተር በፊልም ዘመን በቂ ምክንያት ነበረው። ፊልም ዐይናችን ለማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን ስሜት ስላለው፣ በተለይ እንደኛ ባለ ከፍታ አገር የሩቅ ተራራ ሲነሳ ሰማያዊ ጭጋግ ይለብስ ነበር። ዲጂታል ሴንሰር ግን ይህን ብርሃን የሚያግድ መስታወት ከራሱ ፊት ተለጥፎለት ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ስለዚህ ዛሬ ዩቪ ፊልተር የቀረለት ሥራ ዘበኝነት ነው። አቧራ በሚቦንበት አደባባይ፣ የውሃ ፍንጣቂ ባለበት ፏፏቴ ሥር፣ ሕፃናት ጣታቸውን በሚሰድዱበት ቤት ዘበኛ ይጠቅማል፤ እኔም አልቃወመውም። ከመውደቅና ከመጋጨት ለመጠበቅ ግን ከሌንሱ ፊት የሚገጠመው የፕላስቲክ ሁድ ይሻላል፤ ያውም የጎን ብርሃን እየከለለ ፎቶውን ያጠራዋል እንጂ አያበላሽም።

ጋሼ ቀጥለው ቦርሳዋን እንድታራግፍ ነገሯት። ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ ወጣ። 75-300 የሚል ረጅም ዙም ተከተለ። በቀይ፣ በብርቱካንና በሰማያዊ የተነከሩ ፊልተሮች፣ ሌንስ ፊት ላይ ተጠምዝዞ «ሰፊ ያደርጋል» የተባለ ከባድ መስታወትም ነበር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እሷ አስባበት የመረጠችው አንድም አልነበረም። ሁሉንም ሻጩ «ፓኬጅ ነው» ብሎ አስታቅፏታል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌንስ ከሻጭ ዝርዝር አይመረጥም። ሌንስን መምረጥ ያለበት ያመለጠው ፎቶ ነው። ያሰብኩት ፎቶ ለምን ሳይሳካ ቀረ? ጨልሞብኝ ነው? ርቆብኝ ነው? ወይስ ጠቦብኝ? እያንዳንዱ መልስ የተለየ ሌንስ ይጠራል። ላላመለጠ ፎቶ የተገዛ ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ይኖራል እንጂ ሥራ አይሠራም።

ጋሼ በመጀመሪያ ያነሱት ብዙ ሰው የሚንቀውን 18-55 ነው። ቁጥሮቹ የትኩረት ርቀትን በሚሊ ሜትር የሚነግሩ ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ይገባል፣ ሲበዛ ሩቁ ይቀርባል። እዚህ ላይ ግን ካሜራው ራሱ ይገባበታል። በአብዛኛው ጀማሪ እጅ ያለው ካሜራ ሴንሰሩ ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያነሰ ነው። የፊልሙ ፍሬም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተማሪዋ ካሜራ ሴንሰር ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዳር ዳሩ ስለሚቆረጥ ሌንሱ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያቀርብ ይመስላል፤ ልዩነቱ በካነን 1.6፣ በኒከንና በሶኒ 1.5 እጥፍ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእሷ ካነን ላይ የሚያሳየው በትልቁ ሴንሰር ላይ 80 ሚሊ ሜትር የሚያሳየውን ነው።

ይህ ስሌት ቀላል ቢመስልም ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። «መጀመሪያ 50 ግዛ» የሚለው ምክር ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው፣ ሄንሪ ካርቲየር ብሬሶንን የመሰሉ ታላላቅ ሰዎች ዕድሜያቸውን በ50 ስለሠሩበት ነው። የእነሱ 50 ግን በሙሉ የፊልም ፍሬም ላይ የተገጠመ ነበር። በትንሹ ሴንሰር ያንን ዕይታ የሚፈልግ ሰው መግዛት ያለበት 35 ወይም ከዚያ ዝቅ ያለውን ነው።

ተማሪዋ የትንሣኤን ሌሊት ያነሳችው በዚሁ 18-55 ነው። ጋሼ ፎቶውን አጉልተው አሳዩአት። የእናትየው ፊት ትንሽ ተንቀሳቅሷል፤ የቅንድባቸው ጠርዝ ድርብ ሆኗል። ሌንሱ 50 አካባቢ ሲደርስ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ መከፈት አይችልም። በዚያ ጨለማ ካሜራው በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ ሹተሩን 1/15 ሰከንድ ድረስ ማዘግየት ነበረበት። በ1/15 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ የቆመ ሰው እንኳ ይወዛወዛል።

«ሌንሱ ማረጋጊያ አለው ብለውኝ ነበርኮ» አለች።

«ማረጋጊያው የሚያረጋጋው ያንቺን እጅ ነው» አሏት። «እሳቸውን ማን ያረጋጋቸው?»

ከዚያ ከመሳቢያቸው ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ከእንቁላል ጥቂት ብቻ ከፍ የምትል 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ አወጡ። ቀዳዳዋን ከፍተው ወደ መስኮቱ አዞሯትና «እዪበት» አሏት፤ አስጠጋችና አየች። የኤፍ ቁጥር ማለት የትኩረት ርቀቱ ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። 50 ለ1.8 ሲካፈል 28 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለ5.6 ሲካፈል ግን 9 ብቻ። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው የሚሰፋው ለዚህ ነው። ወርዱ ሦስት እጥፍ ሲሰፋ የሚገባው ብርሃን ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ያ 1/15 የነበረው ሹተር አይኤስኦውን፣ ማለትም የሴንሰሩን የብርሃን ስሜት፣ ሳይነኩ 1/125 ይደርሳል ማለት ነው፤ በዚህ ፍጥነት የሚጸልይ ሰው ፊት ጥርት ብሎ ይወጣል። ፍላሽ አያስፈልግም፤ የጧፉ ወርቃማ ብርሃንም በፍላሽ ነጭ አይዋጥም። ካነን ይህችን ሌንስ በአሁኑ ቅርጿ ያወጣት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን መነሻ ዋጋዋ 125 ዶላር ነበር። በፎቶ ዕቃ ዓለም ውስጥ ለገንዘቡ ይህን ያህል የሚመልስ ሌላ ነገር አላውቅም።

ሰፊው ቀዳዳ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ1.8 ቀርቦ የተነሳ ፊት አንዱ ዐይን ጥርት ሲል ጆሮው ብዥ ይላል። ጎን ለጎን ያልቆሙ ሁለት ሰዎች ከሆኑ አንዱ ይጠፋል። ጋሼ ሙሽራና ሙሽሪት ሲያነሱ ወደ 2.8 ወይም ወደ 4 ይመልሱታል፤ 1.8ን የሚያስቀምጡት ለአንድ ሰውና ለጨለማ ነው።

ሌላው ያልታሰበው ነገር የቤታችን ስፋት ነው። ተማሪዋ ሌንሷን ተውሳ የአክስቷን ቡና ልታነሳ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደች። ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ እንኳ ፍሬሙ ውስጥ የገቡት ጀበናውና የአክስቷ እጅ ብቻ ነበሩ፤ ረከቦቱ ተቆርጧል፣ ቄጠማው የለም፣ ከሶፋው ላይ የሚስቁት ጎረቤቶች ከነጭራሹ አልታዩም። እዚያ ቤት ውስጥ ያመለጠው ፎቶ የጠራው ሌንስ 50 አልነበረም። በትንሹ ሴንሰር ላይ የካነን 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ወይም የኒከን 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ለእንዲህ ያለው ሳሎን ተስማሚ ናቸው። መስኮት አጠገብ በቀን ከሆነ ደግሞ ያው የተናቀው 18-55 በ18 ላይ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ መጠንቀቅ ነው። በ18 ላይ ሆኖ ለሰው ፊት አንድ ክንድ ያህል መጠጋት አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ያሸሻል። ይህን የሚያደርገው ቅርበቱ እንጂ ሌንሱ አይደለም፤ ፊት የሚያምረው ከሁለት ሜትር ገደማ ርቀት ሲታይ ነው።

የሚሻለውን ቁጥር ሳይገዙ ማወቅ ይቻላል። እያንዳንዱ ዲጂታል ፎቶ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሳ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። የወደዷቸውን ፎቶዎች ብቻ ለይቶ ያንን ቁጥር ማየት ነው። ብዙዎቹ በ18 የተነሱለት ሰው ሰፊ ሌንስ ይሻል፤ 55 ላይ ተጣብቆ የሚኖር ደግሞ የሚያቀርብ። ተማሪዋ የራሷን ስታይ አብዛኛው ከ24 እስከ 35 ሆኖ አገኘችው፤ 75-300 ግን ጥር ላይ ብቻ ነው ሥራ ያየው።

የጥር 10 ከሰዓት፣ ከተራ። ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ሕዝቡ እንደ ልብ አያስጠጋም፤ ረጅም ዙም የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው። በ300 ላይ ግን የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። የቆየው የባለሙያዎች ሕግ የሹተሩ ፍጥነት ከትኩረት ርቀቱ እንዳያንስ ያዝዛል፤ በትንሹ ሴንሰር 300 ሲባዛ በ1.6 ስለሆነ 480፣ ማለትም ወደ 1/500 ሰከንድ ይመጣል። በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ይህ ችግር የለውም። አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ጥላው ሲረዝም ማረጋጊያ የሌለው 75-300 ወደ ቦርሳው መመለስ አለበት። ረጅም ሌንስ ሁሌ ግድ የሚሆነውም ሰው እንደሚገምተው አይደለም። ስሜን ተራሮች ላይ ሣር የሚነጩት ጭላዳዎች ሰው ጥቂት ሜትር እስኪቀርብ ዝም ይላሉ፤ ለእነሱ 200 ከበቂ በላይ ነው። 300ንም የሚያስመኘው ከገደሉ ማዶ የሚቆመው ዋልያ ነው።

ስለ ሰፊ ሌንስ ብዙ አልልም። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ፣ ከአፋፉ ሆኖ ሲታይ 18 ይበቃዋል። ከጉድጓዱ ግርጌ ወርዶ ግን ወደ ኋላ የሚሸሹበት ቦታ የለም፤ 10-18 የሚባሉት ለዚያ ዓይነት ቦታ የተሠሩ ናቸው። ማስፊያ መስታወት ጠምዝዞ 18ን 10 ማድረግ አይቻልም፤ የሚገኘው ዳር ዳሩ የደበዘዘ ፎቶ ብቻ ነው። ጋሼ ያንን ከባድ መስታወት አገላብጠው ካዩት በኋላ «ወረቀት እንዳይበር መጫኛ ይሆናል» ብለው ደረሰኞቻቸው ላይ አስቀመጡት።

ቀለም የተነከሩትንም ፊልተሮች ገለል አደረጓቸው። ቀይና ቢጫ ፊልተር በጥቁርና ነጭ ፊልም ጊዜ ሰማዩን አጥቁሮ ደመናውን ለማውጣት ይጠቅም ነበር። ዛሬ ይኸው ሥራ ፎቶው ከተነሳ በኋላ በኮምፒውተር ይሠራል፤ ያውም ሐሳብ መለወጥ እየተቻለ። ስለዚህ ፊልተር ሲገዛ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ በኋላ ላደርገው የማልችለውን ምን ያደርግልኛል? ይህን ፈተና የሚያልፉት ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ፖላራይዘር ነው፤ በገበያ «ሲፒኤል» ይሉታል። ከውሃ፣ ከመስታወትና ከቅጠል ላይ የሚነጥር ብርሃን፣ የሰማዩም ሰማያዊ ብርሃን ጭምር፣ በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ይርገበገባል። ፖላራይዘሩ የፊት ቀለበቱ ሲዞር ያንን አቅጣጫ ይዘጋዋል። ከክረምት በኋላ የታጠበ ቅጠል ላይ ያለው ነጭ ብልጭታ ሲጠፋ አረንጓዴው ብቅ ይላል፤ ጣና ላይ የሰማዩ ነጸብራቅ ሲነሳ ከታንኳው ሥር ያለው ደንገል ይታያል። ብልጭታው የሸፈነው ነገር ፋይሉ ውስጥ ስለሌለ የትኛውም ፕሮግራም በኋላ ሊያወጣው አይችልም።

የብረት ነጸብራቅን ግን አይነካም፤ ይህ ደግሞ ለኛ በጎ ነው። በጥምቀት ሰልፍ ፖላራይዘር የገጠመ ሰው የሰማዩን ሰማያዊ ያጠልቃል፣ በጥላዎቹ ጨርቅ ላይ ያለውን ማብረቅረቅ ቀንሶ ቀለማቸውን ያወጣል፤ የነሐሱና የብሩ መስቀል ግን እንዳብረቀረቀ ይቀራል።

ሰማዩ እኩል የማይጠቁርበትም ምክንያት አለ። ፖላራይዘር የሚበረታው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ባለው ሰማይ ላይ ነው። ጋሼ ከፎቶ ቤታቸው ደጃፍ ወጥተው ይህን በእጃቸው አሳዩአት። አመልካች ጣትን ወደ ፀሐይ፣ አውራ ጣትን ወደ ጎን ቀጥ ማድረግ ነው፤ አመልካች ጣቱን ከፀሐይ ሳያነሱ እጅን ሲያዞሩት አውራ ጣቱ የሚያመለክተው ሁሉ ሰማዩ በብርቱ የሚጠቁርበት ነው። ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ ስትሆን ሰሜንና ደቡብ ይጠቁራሉ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ብዙ አትርቅም፤ ያን ጊዜ ጥቁሩ ቀበቶ ወደ አድማሱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ብርሃኑ ለፊት በማይስማማበት በዚያ ሰዓት እንኳ ተራራና ደመና ማንሳት ይቻላል። በሰፊ ሌንስ ከሆነ ግን የሰማዩ አንድ ወገን ጠቁሮ ሌላው ይነጣል። ብርሃንም ይበላል፤ ከደረሰው ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉን ብቻ ስለሚያሳልፍ ሲመሽ መፈታት አለበት።

ሁለተኛው ኤንዲ ፊልተር ነው፤ ቀለም ሳይለውጥ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት። ክረምቱ ሲወጣ ዓባይ ሞልቶ ሳለ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወዳለው ጢስ ዓባይ የሄደ ሰው በፀሐይ ብርሃን፣ በአይኤስኦ 100፣ በኤፍ 16 ሹተሩ 1/100 አካባቢ ይሆንበታል። ኤንዲ 64 የሚባለው ሲገጠም ያው ፎቶ የሰከንድ ሁለት ሦስተኛ ይፈጃል፤ ውሃው እንደ ተባዘተ ጥጥ ይሆናል። ትራይፖድ ግድ ነው። እኔ እንኳ ጢስ ዓባይን በፈጣን ሹተር፣ ውሃው እየተሰባበረ ሲወድቅ ማየት እመርጣለሁ፤ ጉልበቱ የሚታየው ያኔ ነው። ለቪዲዮ ሠሪ ግን ኤንዲ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀርጽ ሰው እንቅስቃሴው እንዳይቆራረጥ ሹተሩን 1/50 ላይ ማቆየት ስላለበት፣ በአዲስ አበባ ፀሐይ ያለ ኤንዲ ቀዳዳውን ከፍቶ መሥራት አይችልም።

የፊልተር ልክ ሌንሱ ፊት ላይ፣ በሰረዝ ከተቆረጠ ክብ ምልክት ቀጥሎ ተጽፏል። የተማሪዋ 18-55 ልኩ 58 ሲሆን ትንሿ 50 ደግሞ 49 ናት። ለእያንዳንዱ አይገዛም፤ ለትልቁ ገዝቶ ለትንሹ ማስፊያ ቀለበት መጨመር ነው።

ብዙ ሰው ሌንስ የሚገዛው ያገለገለ ነው፤ አያሳፍርም። ደህና የተያዘ ሌንስ ከካሜራው በላይ ዕድሜ አለው። ሲገዛ ግን የስልክ ባትሪ አብርቶ ከኋላ በኩል በሌንሱ ውስጥ ማሳለፍና ከፊት መመልከት ያስፈልጋል። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ፎቶ ላይ አይወጣም። ከጠርዝ ተነስቶ እንደ ቀጭን ክር የሚዘረጋ ነገር ከታየ ግን ሻጋታ ነው፤ መስታወቱን ይበላል፣ ዋጋው ቢቀንስም መተው ነው። ቀጥሎ ካሜራ ላይ ገጥሞ፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ማንሳትና አራቱንም ማዕዘን ማጉላት፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ከሌሎቹ ይልቅ ብዥ ካለ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ቤት ከገባ በኋላም በክረምት የቆዳ ማህደሩ ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ ሻጋታ መጋበዝ ነው።

ለተማሪዋ አሜሪካ ያለችው ሌላዋ አክስቷ ሌንስ ልትልክላት ቃል ገብታለች። በዚህ መንገድ የመጡ፣ ካሜራው ላይ የማይገጥሙ ስንት ሌንሶች ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ተመልሰዋል! ካነን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረውን ኢኤፍ የተባለ መግጠሚያ ይዞ ቆይቶ በ2018 አርኤፍ የሚል አዲስ አወጣ። የድሮው ሌንስ በአዳፕተር አዲሱ ካሜራ ላይ ይሠራል፤ አዲሱ ሌንስ ግን በምንም ዘዴ ድሮው ካሜራ ላይ አይገጥምም። ኒከንም በዚያው ዓመት ዜድ ወደተባለ መግጠሚያ ተሻግሯል። በዚያ ላይ ዲ3000 እና ዲ5000 የሚል ቤተሰብ ያላቸው ርካሽ ኒከኖች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም፤ ኤኤፍ-ኤስ ያልተባለ የቆየ ሌንስ ከተገዛላቸው በእጅ እያዞሩ ፎከስ ማድረግ ነው።

እናም ለአክስቷ የሚላከውን መልእክት ጋሼ እያነበነቡ እሷ ስልኳ ላይ ጻፈችው። የካሜራው ሙሉ ስም፣ የመግጠሚያው ዓይነት፣ የሚሊ ሜትሩና የኤፉ ቁጥር፣ የ58 ፖላራይዘር፣ የማስፊያው ቀለበት። 50ው ይሁን 24ው በሚለው ትንሽ ተከራከሩ። እሳቸው ለሰርግ ሥራ 50ው ያዋጣሻል አሉ፤ እሷ ግን ማንሳት የምትፈልገው ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎችን መሆኑን ነግራቸው 24ን ጻፈች። የመጨረሻው መስመር ለአክስቷ ብቻ የተተወ ነበር፦ «ሱቁ ውስጥ ሌላ ነገር ጨምሪበት ቢሉሽ እሺ እንዳትያቸው። ሣጥኑ ላይ አርኤፍ የሚል ካለም አትግዢው፤ የእኔ ኢኤፍ ነው።»